ኑዛዜ ያልኩት ወረቀት

የአእምሮ ሕክምና ክፍል የገባሁት ተቀጥቼ ነው። ደብረ ብርሃን በምሠራበት ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። ከነርሶቹ አለቃ ከሜትሮኗ ጋር በፈረቃ ምክንያት ተጨቃጨቅን፤ እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። በማግስቱ ስሜ ከማዋለጃው ዝርዝር ወጥቶ፣ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ከግቢው ጥግ ካለው ክፍል ሥር ተጽፎ አገኘሁት። ያን ጊዜ እዚያ የሚመደበው ወይ ከአለቃ የተጣላ ወይ ጡረታው የደረሰ ነው። ሜትሮኗ ምደባዬን ስትሰጠኝ "ሂጂና እዚያ ተከራከሪ" አለችኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዬ ንብረት መረከብ ነበር። ስድስት አልጋ፣ ዘጠኝ ብርድ ልብስ፣ አንድ የካርድ መደርደሪያ፣ አንድ እቅፍ ቁልፍ። ፈርሜ ሳልጨርስ አንድ ጎልማሳ ከለሚ በኩል በቃሬዛ መጣ። ሁለት እጁ በበሬ ጠፍር ታስሯል። እኔ ጉደኛዋ ማንንም ሳልጠይቅ መቀስ አንስቼ ጠፍሩን ቆረጥኩት። ሰውየው ተነሥቶ በመጀመሪያው ጥፊ መነጽሬን ሰበረልኝ። ለሁለት ሳምንት ካርድ የማነበው ዓይኔን አጥብቤ ነበር።

ቅጣቱ ስድስት ወር ይቆያል ብዬ ነበር፤ ጡረታ እስክወጣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁበት። ለምን ቆየሽ ቢሉኝ፣ መጀመሪያ በእልህ፣ በኋላ ስለወደድኩት ነው እላለሁ። ሌላ ክፍል የምትወጊውን ሰው ስም አታውቂውም። እዚህ ግን የልጆቹን ስም፣ የበሬዎቹን ስም ሳይቀር ታውቂያለሽ።

የአሠራራችንን ነገር ለማያውቀው ልናገር። ሰው ሲታመም ቤተሰቡ ይዞት ይመጣል። የሆነውን ከቤተሰቡ እንሰማለን፣ ሐኪሙ ያዝዛል፣ ነርሷ ትወጋለች። ሲሻለው ቀጠሮ ሰጥተን እንሸኛለን። ደኅና ሆኖ ለቀጠሮ ሲመጣ የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። እንቅልፍ እንዴት ነው? ኪኒን ይዋጣል? ከዚያ "ቀጣይ!" ነው። ኮሪደሩ ላይ ከእነዋሪም ከመሐል ከተማም የመጣ ሰው ተደርድሮ ይጠብቃል፣ እኔም ወሬ የሚያረዝም በሽተኛ አልወድም ነበር።

አስካለ እንዲህ ባለው ወረፋ መሐል ነው የገባችው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ የሚበጠሰውን ክር የምትቀጥል ሠራተኛ ናት፤ ትውልዷ አንኮበር ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አምስት ቢሆን ነው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ስትናገር መሬት መሬት የምታይ ሴት። ሕመሟ የሚመላለስ ዓይነት ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ጤነኛ ሆና ትከርምና ድንገት እንቅልፏ ይጠፋል፣ ወሬዋ ይፈጥናል፣ ያላትን ሁሉ ለመንገደኛ ታድላለች። ከዚያ በኋላ የሚያስቆማት የለም።

ያን ቀን እንቅልፏም ኪኒኗም ደኅና ነበሩ። ካርዷን ዘግቼ "ቀጣይ" አልኩ። አልተነሣችም። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ የእጇን አንጓ አሳየችኝ። ዙሪያውን ጠባሳ ነው።

"ሲስተር፣ እኔ መታመሜን አልፈራም" አለችኝ። "የምፈራው መታሰሬን ነው።"

ከሁለት ዓመት በፊት አንኮበር ታላቅ ወንድሟ ቤት ሳለች ታመመችና ወንድሟ በጠፍር አስሮ ጠበል ወሰዳት። ሁለት ወር እዚያ ስትቆይ ኪኒኗ ቤት ቀረ። ኋላ ባሰባትና ወደ እኛ አመጧት። እኛ ደግሞ ሃሎፔሪዶል ወጋናት። መድኃኒቱ ለብዙ ሰው ደኅና ነው፤ እሷን ግን አንገቷን ቆልምሞ መንጋጋዋን ቆለፈባት። የሚያፍታታው መድኃኒት እስኪሰጣት ድረስ ምራቋን መዋጥ አልቻለችም፤ የተሻላት በሌላ መርፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ከወንድሟ ጋር አልተነጋገሩም። እኛን ግን ይቅር ብላ ቀጠሮዋን አክብራ ትመጣለች።

የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። አሁን ደኅና ሳለች የምትለውን እንድጽፍላት፤ የታመመች ዕለት ደግሞ ያን ዕለት የምትለውን ትተን የተጻፈውን እንድንሰማት። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ አንድ ሥልጠና ላይ ሰምቼ ነበር፤ ሻዩን ጠጥተን ወጣን እንጂ የሠራበት ሰው አላየሁም። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ውጭ ያለውን ሰልፍ እያየሁ፣ ይቺ ደግሞ ዛሬ ምን አመጣት አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ተመለሽ ብዬ ሸኘኋት፤ ትቀራለች ብዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ በሩ ሥር ቆማ አገኘኋት።

ሦስት ምሳ ሰዓት ፈጀብን። መጀመሪያ የጠየቅኳት፣ መታመም መጀመርሽ በምን ይታወቃል ብዬ ነው። እኔ እንቅልፍ ማጣት የሚል መልስ ጠብቄ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን የተሸመነ ነገር መተርተር እጀምራለሁ አለችኝ። ጋቢም ይሁን ብርድ ልብስ፣ ጫፉን ትይዝና ክሩን እየመዘዘች ትፈታዋለች። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ካርዷ ላይ ይህ ነገር አንድም ቦታ አልተጻፈም። ጠይቀናት ስለማናውቅ ነው።

ሃሎፔሪዶል አትውጉኝ አለች፤ ባለፈው የሰጣችሁኝን ሌላውን መርፌ ግን እሺ ባልልም ውጉኝ። ጠበሉን አልጠላም፣ ኪኒኔን ይዤ ልጠመቅ። ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ጠፍር አይንካኝ። የመጨረሻውን መስመር ቃል በቃል ነው ያስጻፈችኝ፤ "ያን ጊዜ ይህን ወረቀት ቅደዱት እላለሁ። አትቅደዱት።"

የቀረው፣ በእሷ ፋንታ የሚናገረው ሰው ማን ይሁን የሚለው ነበር። እኔ የፋብሪካ ጓደኛ ወይም አክስት ትላለች ብዬ ስጠብቅ ወንድሜ ደምሴ አለችኝ። ያሰረሽ ሰውዬ? አልኩ፣ ጮክ ብዬ። አዎ አለች።

"የማሰር ጉልበት ያለው እሱ ነው። የአለማሰር ጉልበት ካለም እሱው ጋር ነው ያለው።"

ወረቀቱን በሆስፒታሉ ማኅተም ላስመታው ስል ማኅተም ያዡ ርእሱን ጠየቀኝ። ውክልና ነው? የሕክምና ማስረጃ ነው? የስምምነት ውል ነው? አንዱም አይደለም ስለው፣ ታዲያ ሲስተር በምን ላይ ልምታ? ብሎ መሳቢያውን ዘጋ። አልፈረድኩበትም። እኔም ስሙን አላውቀውም።

ስሙን አለማወቄ ግን ጣጣ አመጣ። ለደምሴ ስልክ የደወልኩት ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ካርድ ይዤ ነው። ሰው አስቀድሞ የሚሰጠውን ቃል ምን ብዬ ልጥራው? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩት። "እኅትህ አስካለ ኑዛዜዋን ጽፋለች፤ አንተ እንድትገኝ ትፈልጋለች፤ ነገ ና።" ሰውየው ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ዘጋሁት።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ግቢያችን ውስጥ ወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ደምሴ ጋቢውን አጣፍቶ ፊት ፊት ይመጣል፤ ከኋላው የአስካለ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው ይከተላሉ። የአስካለ አክስት የክፍሉን በር ሲያዩ "አስካልዬ፣ በወጣትነትሽ!" ብለው ለቅሶውን አቀለጡት። ከልብስ ማጠቢያው ሠራተኞቹ ወጥተው አብረው ማልቀስ ጀመሩ፤ ማን እንደሞተ እንኳ አልጠየቁም።

አስካለ ከፋብሪካ ፈቃድ ጠይቃ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በበሩ ስትገባ የራሷን ለቅሶ አየችው። ቆመች። ሰዎቹም እሷን አይተው ዝም አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ አላውቅም። እሷ ግን አክስቷን አቅፋ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። "ለካ ስሞት ይኼን ያህል ሰው ይመጣልኛል" አለች።

ይቅርታ ስጠይቅ ግማሽ ሰዓት ሄደ። የንስሐ አባቷ፣ ስማቸው አባ ገብረ ማርያም ነው፣ ክርስትና የሚነሣ ሕፃን ትቼ መጣሁ ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ሲበርድ ሌላውን ሰው ወደ ሻይ ቤት ሸኘንና አስካለ፣ ደምሴ፣ አክስቷ፣ እሳቸውና እኔ ካርድ ክፍል ገብተን ተቀመጥን። ወረቀቱን አነበብኩ። ገመድ አይንካኝ የሚለው ላይ ስደርስ ደምሴ ጎንበስ አለ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ እጁ አካፋ ያህላል።

"ልናገር" አለ። "ያን ጊዜ የስድስት ወር ልጄን አዝላ ወደ አፋፉ ሮጠች። ገበሬ ደርሶ ነው የያዛት። ምን ላድርግ ነበር?"

አንኮበርን የሚያውቅ ያንን አፋፍ ያውቀዋል። ከጫፉ በታች ቆላው ነው የሚታየው። አስካለ የወንድሟን ፊት እያየች "ማንም አልነገረኝም" አለች። ያሰራት በሰው ወሬ አፍሮ ይመስላት ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የተቀየመችው በዚህ ነው። ደምሴም ከዳነች በኋላ ምን ብዬ ላሳዝናት ብሎ ነው የደበቃት። እኛ አገር ሐዘኔታችን እንዲህ ነው፤ ሰውን እንዳይከፋው ብለን የሚያስፈልገውን ነገር እንነፍገዋለን። እኔም ብሆን ካርዷ ላይ ያለውን "ለቤተሰብ አስጊ" የሚል ቃል ሳነብ ኖሬ፣ ምን አድርጋ ነው ብዬ አልጠየቅኩም ነበር። ያን ቀን በራሴ አፈርኩ።

አስካለ አለቀሰች። ስታበቃ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና በራሷ ጽሕፈት አንድ መስመር ጨመረች፤ ምልክቱ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ሕፃን አጠገቤ አይሁን የሚል። ገመድ አይንካኝ የሚለውን ግን አልሰረዘችውም።

"በምን ልያዝሽ ታዲያ?" አላት ደምሴ።

"በእጅህ።"

"ብትመቺኝስ?"

"ትችለኛለህ፣ ወንድም ጋሼ።"

ወንድም ጋሼ ስትለው ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ደምሴ ዓይኑን በጋቢው ጠረገ። አባ ገብረ ማርያም፣ የሞተ ሰው ቃል ያፈረሰ ይቀሠፍ ትላላችሁ፣ በሕይወት ያለች ሴት ተቀምጣ የተናገረችውን ብታፈርሱስ ምን ትባሉ ነው? አሉ። ቀጥለውም እሳቸው አንደኛ እማኝ ሆነው ፈረሙ። አክስቲቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። እኔም ፈረምኩ። አራት ቅጂ ሠራን፤ አንዱ ካርዷ ውስጥ፣ አንዱ ደምሴ ጋ፣ አንዱ ንስሐ አባቷ ጋ፣ አንዱ እሷ ጋ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ብለው ተነሡ አባ። ደረጃው ላይ ሆነው ደግሞ፣ ሁለተኛ ስልክ ስትደውይ ቃል መርጠሽ ተናገሪ አሉኝ።

ዓመት አለፈ። ለሰፈራቸው ታቦት ንግሥ አስካለ አንኮበር ሄደች፤ ለወንድሟ ልጆች ብርድ ልብስ ይዛ ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ደምሴ ነው። ሲስተር፣ ብርድ ልብሱን መተርተር ጀምራለች አለኝ። ልጆቹን አክስቱ ቤት ልኳቸዋል። ወረቀቱስ? ስለው፣ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው አለ።

አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ሚኒባሱ ሲከፈት ደምሴ ሁለት እጇን በሁለት እጁ እንደያዘ ወረደ፤ አንድ ጎረቤቱ ከጎን ይረዳዋል። ፊቱ ተቧጭሯል፣ የግራ ክንዱ ደምቷል። ነክሳዋለች። አስካለ ስትጮኽ ግቢው ሁሉ ዞሮ ያያል። ደምሴ እንዴት አደርሽ እንኳ አላለኝም።

"አላሰርኳትም" አለኝ።

የዕለቱ ሐኪም ወደ ክፍላችን በቅርቡ የተመደበ ወጣት ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ሥራውን የሚያውቅ። አያትና ሃሎፔሪዶል አዘዘ። እሱ ጥፋት የለበትም፤ እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ ስወጋው የኖርኩት ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ገልበጥ አድርጎ አየውና "ማኅተም የለውም፣ ሲስተር" አለኝ። ንስሐ አባቷ የፈረሙበት ነው ስለው፣ ንስሐ አባት መድኃኒት ያዝዛሉ እንዴ? አለ። ልክ ነው። ከዚያ ራሷን ጠየቃት። ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?

አስካለ ወረቀቱን አየችው። "ያቺ እብድ ናት! ቅደዱት!" አለች።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ሐሳቧን ቀይራለች፣ ራሷ እየነገረችን ነው፣ የምንሰማው የትኛዋን ነው? አለኝ። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። እኔ ሥራ ላይ ሐኪም ያዘዘውን እንቢ ብዬ አላውቅም፤ ከሜትሮን እንጂ ከሐኪም ጋር አልከራከርም። ያን ቀን ግን የመጨረሻውን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቅደዱት እላለሁ፣ አትቅደዱት። እሱ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ከላይ ጀምሮ ራሱ አነበበው። ሲጨርስ፣ ሌላው መርፌ እስኪሠራባት ይዘገያል፣ እስከዚያ ራሷንም እኛንም ትጎዳለች ብዬ ነው የምፈራው አለ። ደምሴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ እስከ ፈለጋችሁ ሰዓት ድረስ እኔ አልለቃትም አለው።

ሐኪሙ ትእዛዙን ሰርዞ ሁለተኛውን መርፌ ጻፈ። ወጋኋት። እውነትም ዘገየ። ደምሴ ምሳ ሳይበላ ውሃ ብቻ እያጠጣነው ያዛት። ሰደበችው፣ ተፋችበት፣ ሟች እናታቸውን እየጠራች ረገመችው። እሱ እጇን ሳያጠብቅ ሳይለቅ፣ እሺ እኅቴ፣ እሺ ይላታል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ወሰዳት። እሱም እዚያው እንደተቀመጠ አሸለበ። ክንዱን የጠረግኩለት ተኝቶ ሳለ ነው። ከኋላዬ ሐኪሙ ቆሞ ያይ ነበር። አንድ ቅጂ ለራሱ ጠየቀኝ።

ሦስት ሳምንት ተኝታ ወጣች። ካለፈው ሁሉ ያጠረው ይኼኛው ነው። ለቀጠሮዋ ስትመጣ ደምሴም አብሯት መጣ። እጅጌውን ሰብስቦ ነበርና ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችው። ይኼ የእኔ ጥርስ ነው? አለች። አዎ አላት። መዋሸት ይችል ነበር፤ የውሻ ነው ቢላት ታምነው ነበር። እንባዋ መጣ፣ እሱም እንባው መጣ፣ እኔም ምን ላድርግ፣ ካርድ የምፈልግ መስዬ ዞር አልኩ። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ አንድ መስመር አስጨመረችኝ። "ወንድሜ ሲደክመው የሚተካው ሰው ይኑር" የሚል ነው፤ የጎረቤቱን ስም አጻፈች።

ከዚያ ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ደኅና ሆኖ ለቀጠሮ የመጣውን ሁሉ ሦስተኛ ጥያቄ ጠየቅኩ። ብትታመም ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ፣ ማንስ ያድርገው? ወረፋው ረዘመ፤ የሚያጉረመርም በዛ። አንዳንዱ አልታመምም ብሎኝ ተነሥቶ ሄዷል። አንድ ሰው ያጻፈኝን ቤተሰቡ ቀዶ ጥሎበታል፤ ታስሮ ነው የመጣው፣ ለእሱ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ሌሎች ግን አጽፈውኛል፣ ካርዳቸው ውስጥ አለ።

አሁን ለገቡት ነርሶች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። እኛ ሰውን የምንጠይቀው ሲታመም ነበር፤ መልስ ሲያጣ ደግሞ አያውቅም እንላለን። ያውቃል። የሚጠየቀው ግን ደኅና ሳለ ነው።